ዴቡሲንና ራቬልን በቀረጻ ማዳመጥ፦ ለጀማሪ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ ክሎድ ዴቡሲን ለሰው የሚያስተዋውቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ዓይንህን ጨፍን፣ ዝም ብለህ ተንሳፈፍ» ይላሉ። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። ጨፍናችሁ ከተንሳፈፋችሁ ብዙም ሳትቆዩ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳችኋል። ስትነቁ ደግሞ «ክላሲካል ለእኔ አይሆንም» ትላላችሁ። ይህ ሙዚቃ ላይ ላዩን ጭጋግ ይመስላል እንጂ ውስጡ ጥንቅቅ ያለ ነው። የትኛው መሣሪያ መቼ እንደሚገባ፣ ከማን ጋር እንደሚደረብ፣ ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚጫወት ሁሉም ተለክቶ የተጻፈ ነው። የሚፈልገው ንቁ ጆሮ ነው።

ይህን መመሪያ ለመከተል ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። ስልክ፣ ደህና ኢርፎንና ጸጥ ያለ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የምንሰማቸው ሥራዎች በአብዛኛው ከ1894 እስከ 1913 ፓሪስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረቡ ናቸው። (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዓለም ሙዚቃውን ከሥዕል በተወሰደ ስያሜ «ኢምፕሬሽኒስት» ይለዋል። ዴቡሲ ራሱ ግን ስያሜውን አይወደውም ነበር። በ1908 ለአሳታሚው በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን የሚጠቀሙትን ሰዎች ቂሎች ብሏቸዋል። እኛ ለመግባባት ያህል እንጠቀምበት።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ዕቃውን አስተካክሉ

በስልክ ስፒከር አትስሙ። ለምን እንደሆነ በአንድ ደቂቃ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የዴቡሲን «ላ ሜር» (ባሕሩ ማለት ነው) ክፈቱ። የመጀመሪያው ክፍል የሚጀምረው ከታች፣ በጣም ቀስ ባለ የኮንትራባስ (ትልቁ ባለ ገመድ መሣሪያ) እና የቲምፓኒ (ትልልቅ ከበሮዎች) ድምፅ ነው። በስልክ ስፒከር ምንም አትሰሙም፤ ሙዚቃው ገና ያልጀመረ ይመስላችኋል። ኢርፎን ሰክታችሁ ድገሙት። ወለሉ ከሥር ይመጣል። ያ ወለል ከሌለ ከላይ የሚመጣው ሁሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ውድ ሄድፎን ግዴታ አይደለም። ተራ ባለ ሽቦ ኢርፎንም ይሠራል፤ ብቻ ጆሮ ውስጥ በደንብ ይግጠም። ክፍተት ካለው ቀድሞ የሚጠፋው ወፍራሙ ድምፅ ነው።

ቀጥሎ መተግበሪያው ውስጥ ግቡና እነዚህን አጥፉ። ኢኳላይዘሩ ላይ ቤዝ የሚጨምር ነገር ካለ ይጥፋ። ድምፅን እኩል የሚያደርገው ማስተካከያ፣ ብዙ ጊዜ «ኖርማላይዝ» የሚባለው፣ እሱም ይጥፋ። አንዳንዱ ዘፈኖችን እርስ በርስ ብቻ ነው የሚያመጣጥነው፤ አንዳንዱ ግን ቀስ ያለውን ከፍ፣ ጮክ ያለውን ዝቅ ያደርገዋል። የዚህ ሙዚቃ ግማሽ ጣዕም ደግሞ በቀስታና በጩኸት መካከል ያለው ርቀት ነው። ሹፍል ይጥፋ፤ አለበለዚያ ባሕሩ ሳይነጋ ማዕበሉ ይመጣባችኋል። አንዱን ትራክ ከሌላው ጋር የሚያደባልቀው «ክሮስፌድ»ም ይጥፋ።

ዩቲዩብ ላይ የምትሰሙ ከሆነ ትልቁ ጠላት ማስታወቂያ ነው። የፍሉቷ ድምፅ ክር ልታክል ቀጥናለች፣ እናንተም ትንፋሻችሁን ይዛችኋል፤ በዚህ መሃል የሳሙና ማስታወቂያ ይጮህባችኋል። ስለዚህ ከተቻለ ከማስታወቂያ ነፃ የሆነ አገልግሎት ተጠቀሙ፤ ካልሆነ ሲዲውን ወይም በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ፋይል ፈልጉ። ዳታ ለሚያሳስባችሁ ደግሞ ሒሳቡ ይኸውላችሁ። በ320 ኪሎቢት ጥራት የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ ወደ 2.4 ሜጋባይት ይወስዳል። 24 ደቂቃ ገደማ የሆነው «ላ ሜር» 60 ሜጋባይት አይሞላም። ለዚህ ሙዚቃ ዝቅተኛ ጥራት መምረጥ ቁጠባ አይደለም። መጀመሪያ የሚበላሹት የሃርፕ፣ የሲምባልና የቀስታ ቫዮሊን ድምፆች ናቸው። እነሱ ከተበላሹ ደግሞ ምን ቀረ?

ደረጃ 2፦ ድምፁን ከጩኸቱ ጀምራችሁ ለኩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አጀማመሩ ቀስ ስለሚል ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍታል። ከስምንት ደቂቃ በኋላ ናሱ (ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑ) ሲገባ ደንግጦ ይቀንሳል። ከዚያ ወዲያ ሙሉውን ሰዓት ስልኩን ሲነካካ ይውላል።

መፍትሔው ተቃራኒው ነው። የ«ላ ሜር» የመጀመሪያ ክፍል ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል። በቀጥታ ወደ መጨረሻው ደቂቃ ዝለሉ። ሆርኖች፣ ትራምፔቶችና ትሮምቦኖች አንድ ላይ የሚወጡበት ታላቅ መዝጊያ አለ። ያንን ጆሮን ሳይጎዳ ሞላ ብሎ እስኪሰማችሁ ድረስ አስተካክሉ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። አሁን አጀማመሩ በጣም ቀስ ይላል፤ እንደዚያ መሆኑም ትክክል ነው። ከዚህ በኋላ አትንኩት። መስኮት ዝጉ፣ ፍሪጁ የሚያንጎራጉር ከሆነ ክፍል ቀይሩ።

ደረጃ 3፦ «ማን ነው የሚጫወተው?» የሚለውን ልመዱ

ከቤቶቨን ወይም ከዘፈን የመጣ ጆሮ «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» እያለ ነው የሚሰማው። ዜማው ወዴት እንደሚሄድ ይጠብቃል። ዴቡሲ ጋ ይህን ከጠበቃችሁ ትሰለቻላችሁ። ዜማው ብዙ ጊዜ የትም አይሄድም። የሚለወጠው የሚይዘው እጅ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን «አሁን የሚጫወተው ማን ነው?» በሚለው ቀይሩት። እኔ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህንኑ እላለሁ።

ለዚህ ደግሞ መሣሪያዎቹን በድምፅ መለየት ያስፈልጋል። ምርጡ መልመጃ የሌላው ፈረንሳዊ ደራሲ፣ የሞሪስ ራቬል «ቦሌሮ» ነው። ቦሌሮ የመጣው በ1928፣ የኢምፕሬሽኒስቱ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። ግን ለመሣሪያ ትምህርት እሱን የሚያህል የለም። ወደ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያው ዜማ ደጋግሞ ይመጣል፤ በየዙሩ ተጫዋቹ ይቀየራል። ወረቀት ያዙና ተከተሉ፦ መጀመሪያ ፍሉት፣ ቀጥሎ ክላርኔት፣ ቀጥሎ ባሶን (ከለመደው ከፍ ብሎ፣ ጉሮሮው ተወጥሮ)፣ ቀጥሎ ትንሿ ክላርኔት፣ ቀጥሎ ኦቦ ዳሞሬ፣ ከዚያ ፍሉት አፉ ከታፈነ ትራምፔት ጋር፣ ከዚያ ሁለት ሳክስፎኖች በየተራ።

ዘጠነኛው ዙር ላይ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። አንድ ኦርጋን የገባ ይመስላችኋል። ኦርጋን ግን የለም። ሆርን ዜማውን ይይዛል፤ ሴሌስታ (እንደ ደወል የሚሰማ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) አብሮት አለ፤ ሁለት ፒኮሎዎች (ትንንሽ ፍሉቶች) ደግሞ ያንኑ ዜማ ከላይ በሌሎች ቅኝቶች ይደርቡበታል። አራቱ ተቀላቅለው ዓለም ላይ የሌለ አምስተኛ መሣሪያ ይፈጥራሉ። የዚህ ሙዚቃ ምሥጢር ይኸው ነው። ራቬል ቀለም ይቀላቅላል፣ እኛ ደግሞ ምን ከምን ጋር እንደተቀላቀለ እንፈታለን።

ቦሌሮን ሁለት ጊዜ በዚህ መንገድ ከሰማችሁ ወደ ዋናው ጉዳይ ማለፍ ትችላላችሁ።

ደረጃ 4፦ አሥር ደቂቃዋን ሥራ ሦስት ጊዜ ስሟት

የመጀመሪያው ሥራችን የዴቡሲ «ፕሬሉድ አ ላፕሬሚዲ ደን ፎን» ነው። ስትፈልጉት «ዴቡሲ» እና «ፎን» የሚሉትን በላቲን ፊደል ብትጽፉ ይመጣል። ፎን ማለት በግሪክና በሮማ ተረት ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ፍየል የሆነ ፍጡር ነው። መነሻው የፈረንሳዊው ገጣሚ የማላርሜ ግጥም ነው። ፎኑ በሞቃት ከሰዓት ተጋድሞ ያያቸው ልጃገረዶች እውን ይሁኑ ሕልም ይምታታበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው በታኅሣሥ 22፣ 1894 ፓሪስ ውስጥ ነው። ያኔ ሰው በጣም ስለወደደው እዚያው ተደግሟል።

በመጀመሪያው ዙር የምትከታተሉት ፍሉቷን ብቻ ነው። ብቻዋን ትጀምራለች። አጃቢ የለም፣ ምት የሚመታ የለም። አንድ ኖታ ላይ ትቆያለች፤ ከዚያ እየተንሸራተተች ወርዳ ተመልሳ ትወጣለች፤ ይህንኑ ትደግማለች። ያቺ የመጀመሪያ ኖታ ዶ ዲዬዝ ናት። ይህችን ኖታ ለማውጣት ፍሉት ላይ ቀዳዳዎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ክፍት ይሆናሉ። ስለዚህ ድምፁ ገርጣ፣ ሳሳ ያለ፣ ትንሽም የማይረጋ ነው። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ጣቶቹን ሁሉ ሲያነሣ የሚወጣውን ድምፅ የሚያውቅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ዴቡሲ ይህችን የገረጣች ኖታ ሆን ብሎ መርጧታል። ፎኑ ገና አልነቃማ!

ፍሉቷ ስትጨርስ ሃርፕ ይንሸራተታል፣ ሆርኖች ይመልሳሉ፣ ከዚያ ዝም። ቀረጻው የተቋረጠ እንዳይመስላችሁ። ስድስተኛው ባር (ኖታ በምት የሚከፋፈልበት አንዱ ክፍል) ሙሉ በሙሉ ጸጥታ ነው፤ ኖታው ላይ ተጽፏል። ከዚያ ሃርፑና ሆርኖቹ ደግመው ይመጣሉ።

በሁለተኛው ዙር ያቺ የፍሉት ዜማ ስንት ጊዜ እንደምትመለስ ተከታተሉ። በተመለሰች ቁጥር ከሥሯ ያለው ይለያል። መጀመሪያ ባዶ ነበር። ቀጥሎ ቫዮሊኖች ከሥሯ ይንቀጠቀጣሉ። ሌላ ጊዜ ሃርፕ አለ። ዜማዋ ያችው ናት፤ ብርሃኑ ነው የሚቀየረው። መሃል ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ፣ ሞቅ ያለ ሌላ ዜማ ይመጣል። መጀመሪያ የእንጨት ነፊዎቹ፣ ቀጥሎ ቫዮሊኖቹ ይይዙታል። ዘፈን የለመደ ጆሮ እዚህ ጋ «እሺ፣ አሁን ገባኝ» ይላል።

በሦስተኛው ዙር የሌለውን ፈልጉ። ትራምፔት የለም። ትሮምቦን የለም። ቲምፓኒም የለም። የሚመታ ነገር ቢኖር መጨረሻው አካባቢ የምትመጣው ትንሽ የጥንት ሲምባል ብቻ ናት። ሁለት ኖታ ብቻ ያላት፣ እንደ ደወል ጠብ የምትል ድምፅ ናት። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ እሷን ከሰማችኋት ጆሯችሁ እየሠራ ነው።

ደረጃ 5፦ ደመናውና የእኛ ጆሮ

ቀጥሎ የዴቡሲ «ኖክቱርን» ይምጣ። ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ደመናዎች» እና «በዓላት» ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰሙት በ1900 ነው፤ «ሲሬኖች» የሚባለው ሦስተኛው በ1901 ተጨመረ። ሦስተኛው ቃል የሌለው ዜማ የሚያዜሙ ሴቶች ስለሚያስፈልጉት አንዳንድ ኦርኬስትራዎች ይዘሉታል። አልበም ስትመርጡ ሦስቱም መኖራቸውን አረጋግጡ።

«ደመናዎች» ላይ የምትይዙት ኢንግሊሽ ሆርንን ነው። ስሙ አያሳስታችሁ፤ ወፍራም ድምፅ ያለው የኦቦ ታላቅ ወንድም ነው። አንዲት አጭር ሐረግ አለችው፤ ወጣ ብላ ትወርዳለች። በየመሃሉ ይመጣና ያቺኑ ይላል፤ ለሌላ መሣሪያም አያጋራም። ዙሪያው ያለው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፣ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ከግማሹ በኋላ ፍሉትና ሃርፕ አንድ ላይ አዲስ ዜማ ያመጣሉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ዜማ አምስት ድምፆች ላይ ብቻ የተሠራ ነው። በፒያኖ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ብትነኩ ታገኙታላችሁ።

እኛ በትዝታ ሜጀር ያደግን ሰዎች ለዚህ ጆሮ አናጣም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ የርቀቱ ቤተሰብ አንድ ነው። ይህ ማለት ግን ዴቡሲ ትዝታን ሰምቷል ማለት አይደለም። እሱን ያነቃው በ1889 ፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የሰማው የጃቫ ጋሜላን ሙዚቃ ነው። ቢሆንም ለአውሮፓ አድማጭ ያኔ ሩቅና እንግዳ የነበረው ድምፅ ለእኛ ቤተኛ ነው። ይህን ጥቅም ተጠቀሙበት። በነገራችን ላይ፣ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ የሰሙ የውጭ ጸሐፊዎች ዴቡሲን ደጋግመው የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አምስት ድምፅ በአውሮፓ ፒያኖ ላይ ሲፈስ ወደዚያ ሰፈር ይወስዳል።

«በዓላት» የተለየ ነው፤ ይዘላል፣ ይሽከረከራል። መሃል ላይ ድንገት ይቆምና ሃርፖች፣ ቲምፓኒና የታችኞቹ ባለ ገመድ መሣሪያዎች ቀስ ብለው ሰልፍ መምታት ይጀምራሉ። ከዚያ ሦስት ትራምፔቶች አፋቸው ታፍኖ፣ ከሩቅ መንደር እንደሚመጡ ሆነው ይሰማሉ። ሰልፉ እየቀረበ ይመጣል። ድምፁን አትጨምሩ። የሩቁ ሩቅ ሆኖ ካልተሰማ መቅረቡ ዋጋ የለውም።

ደረጃ 6፦ «ላ ሜር»ን በአንድ መቀመጫ አትጨርሱት

ዴቡሲ ይህን ሥራ በ1903 የጀመረው ከባሕር ርቆ በቡርጎኝ ገጠር ነው። ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ በሕፃንነቱ መርከበኛ ሊሆን ታስቦ እንደነበር፣ ከእውነተኛው ባሕር ይልቅ ትዝታው እንደሚበልጥበት ገልጿል። ጥቅምት 15፣ 1905 ሲቀርብ አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። ባለቤቱን ትቶ ሌላ ሴት ጋር መሄዱ፣ የተተወችው ባለቤቱም ራሷን በሽጉጥ መምታቷ ፓሪስን አስቆጥቶ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ጆሮውን ብቻ ይዞ አልመጣም።

የመጀመሪያው ክፍል «ከንጋት እስከ ቀትር ባሕር ላይ» ይባላል። የሙዚቃ ደራሲው ኤሪክ ሳቲ ይህን ሲሰማ በተለይ አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ያለችው ቦታ በጣም ጥሩ ናት ብሎ ቀለደ ይባላል። እናንተ ግን ሌላ ቦታ ላይ ጠብቁ። ከግማሹ አካባቢ ሁሉም ነገር ይረጋና ቼሎዎች ብቻቸውን የሚባል ያህል ይወጣሉ። ዴቡሲ ኖታው ላይ 16 ቼሎ ነው የጠየቀው፤ በአራት ቡድን ከፋፍሏቸዋል። ብዙ ኦርኬስትራ ግን ያን ያህል ቼሎ የለውም። ስለዚህ ይህ ቦታ በአንዱ ቀረጻ ላይ እንደ ጎርፍ፣ በሌላው ላይ ሳስቶ ይሰማል። ቀረጻ ስትመርጡ እዚህ ቦታ ላይ ፈትሹት።

ሁለተኛው ክፍል የማዕበል ጨዋታ ነው፤ ሰባት ደቂቃ ገደማ። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ ለጀማሪ ከባዱ ይኸኛው ነው። ምንም ነገር ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይቆይም። ዜማ ለመያዝ አትሞክሩ። ሃርፕን፣ ትንሿን የግሎከንሽፒል ደወልና የቫዮሊኖቹን መንቀጥቀጥ ብቻ ተከተሉ። መጀመሪያ ቀን ካልገባችሁ ተዉትና ሦስተኛውን ስሙ።

ሦስተኛው የነፋስና የባሕር ንግግር ነው። እዚህ ላይ ለአዳኞች የሚሆን ነገር አለ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ዴቡሲ ለናስ መሣሪያዎች አጫጭር የጥሪ ድምፆች ጽፎ ነበር፤ በ1909 በታተመው እርማት ግን አውጥቷቸዋል። አንዳንድ ኮንዳክተሮች (ኦርኬስትራውን የሚመሩት) ይመልሷቸዋል፣ አንዳንዶቹ የደራሲውን እርማት ያከብራሉ። ሁለት ቀረጻ አነጻጽራችሁ አንዱ ላይ ባዶ የመሰለ ቦታ ሌላው ላይ በትራምፔት ተሞልቶ ከሰማችሁ ስልካችሁ አልተበላሸም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለእኔ ባዶው ይሻለኛል፤ ውጥረቱ ይጨምራል።

ደረጃ 7፦ የራቬል ንጋት

«ዳፍኒስና ክሎዬ» ለሩሲያ ባሌት ቡድን ተጽፎ በ1912 የቀረበ ነው። ሙሉው 55 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ለጊዜው ሁለተኛውን ስዊት (ከሙሉው ሥራ ተቀንጭቦ የወጣውን) ብቻ ውሰዱ። መጀመሪያው «ንጋት» ነው። ፍሉቶችና ክላርኔቶች እጅግ ፈጣን በሆኑ ኖታዎች ይንሾካሾካሉ። እያንዳንዱን ኖታ መስማት አይጠበቅባችሁም፤ ውሃ ነው። ከሥር ደግሞ ከታችኞቹ ገመዶች ዜማ በጣም በዝግታ ይወጣል። ፈጣኑንና ዘገምተኛውን በአንድ ጊዜ መያዝ ነው መልመጃው። ወፎቹን የሚያሰሙት ፒኮሎና ሦስት ብቸኛ ቫዮሊኖች ናቸው። ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ ስትወጣ ማንም አይነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ቀጥሎ ረጅም የፍሉት ሶሎ አለ። ከዴቡሲዋ ፍሉት ጋር አነጻጽሩ። ያችኛዋ እንቅልፋም ነበረች፤ ይህችኛዋ ትታያለች፣ ታውቃለች፣ ትሽኮረመማለች። የመጨረሻው ዳንስ በአምስት ምት ነው። ዳንሰኞቹ መቁጠር አቅቷቸው የአለቃቸውን የሰርጌ ዲያጊሌቭን ስም በአምስት ክፍለ ቃል እየጠሩ ይለማመዱ ነበር ይባላል። እናንተም ጣታችሁን እየመታችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። እስክስታ የለመደ ትከሻ መሃል ላይ ይጠፋበታል፤ ደግማችሁ ግቡ።

ደረጃ 8፦ ያንኑ ሁለት ደቂቃ በተለያየ ቀረጻ

ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ «ምርጡ ቀረጻ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አይጠቅምም። ይልቅ አንድ አጭር ቦታ ምረጡ፤ ለምሳሌ የፎኑን የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ፣ የበዓላቱን ሰልፍ ወይም የላ ሜርን ቼሎዎች። ያንኑ ቦታ በሦስት ቀረጻ በተከታታይ ስሙ። ሙሉውን ሥራ በሦስት ቀረጻ ከሰማችሁ የመጀመሪያውን ትረሱታላችሁ።

ከየት እንጀምር? ለ«ላ ሜር» ሁለት ጫፎችን ያዙ። አንዱ ኮንዳክተሩ ሻርል ሙንሽ ከቦስተን ሲምፎኒ ጋር በ1956 የቀረጸው ነው። ይቸኩላል፣ ይሞቃል፣ ናሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ይህ ባሕር ሰው ያሰጥማል። ሌላው ፒየር ቡሌዝ ከክሊቭላንድ ኦርኬስትራ ጋር በ1990ዎቹ የሠራው ነው። ቀዝቀዝ ያለ፣ ጥርት ያለ ነው፤ እስከ ሥሩ ድረስ ይታያል። መሃል ላይ ካራያን ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር በ1964 የሠራውን አስገቡ። እሱ ጋ ገመዶቹ ሐር ናቸው፣ ነገር ግን መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ስለሚቀልጡ «ማን ነው የሚጫወተው?» የሚለው ጥያቄያችን ይከብዳል። ለጆሮ ትምህርት ቡሌዝ፣ ለደስታ ሙንሽ እላለሁ።

ለራቬል ደግሞ አንድሬ ክሉይታንስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከፓሪስ ኮንሰርቫቷር ኦርኬስትራ ጋር የቀረጸውን ፈልጉ። ይህ ኦርኬስትራ በ1967 ፈርሶ በኦርኬስትር ደ ፓሪ ተተክቷል። ቀረጻው ዛሬ የማይሰማ ድምፅ ይዟል። ባሶኑ የፈረንሳይ ዓይነት ነው፤ ከጀርመኑ ቀጠን ያለ፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚናገር። ሆርኖቹ ድምፃቸውን ያንቀጠቅጣሉ፤ መጀመሪያ ሳክስፎን የገባ ሊመስላችሁ ይችላል። ዘመናዊ ጆሮ «ተሳስተዋል» ሊል ይችላል። ራቬልና ዴቡሲ ሲጽፉ ጆሯቸው ውስጥ የነበረው ግን ወደዚህ የቀረበ ድምፅ ነው። ይህን ከወደዳችሁት ቀጥሎ ፍራንሷ ግዛቪዬ ሮት «ሌ ሲየክል» ከሚባለው ኦርኬስትራ ጋር የሠራውን ዳፍኒስ ስሙ። በዘመኑ መሣሪያዎች ነው የሚጫወቱት። ቀረጻው የቅርብ ጊዜ ስለሆነ ድሮው በጥራት ይሰማል።

ፒየር ሞንቶን ግን እንዳትዘሉት። በ1912 ዳፍኒስን ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው እሱ ነው። በ1959፣ በ84 ዓመቱ፣ ሙሉውን ከለንደን ሲምፎኒ ጋር ቀረጸው። (ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ኦርኬስትራ ዋና ኮንዳክተር ሲያደርገው የ25 ዓመት ኮንትራት ፈርሟል። ሰውዬው 86 ዓመቱ ነበር!) ቀረጻው ስቴሪዮ ነው፣ መንፈሱ ደግሞ ወጣት ነው። ሌላ የሚሰማ ነገርም አለ። ሞንቶ አንደኞቹን ቫዮሊኖች በግራ፣ ሁለተኞቹን በቀኝ ማስቀመጥ ይወድ ነበር። በኢርፎን ስትሰሙ ቫዮሊኖቹ ከሁለቱም ጆሮ ይመጣሉ። ዛሬ አብዛኛው ኦርኬስትራ ሁለቱንም በግራ ስለሚያስቀምጥ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

የቆዩ ቀረጻዎች ላይ የቴፕ ሹክሹክታ አለ። ሳል ወይም የወንበር ድምፅም ሊኖር ይችላል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ጆሮ ይረሳዋል። ይልቅ ተጠንቀቁ የምለው «ተሻሽሎ የጸዳ» እየተባለ ሰው በራሱ ዩቲዩብ ላይ ከሚለጥፋቸው ነው። ሹክሹክታውን ሲያጠፉት የሲምባሉንና የቫዮሊኑን አየር አብረው ያጠፉታል። የኩባንያውን የራሱን ሕትመት ፈልጉ።

ደረጃ 9፦ ሲሰለቻችሁ

ይሰለቻል፤ የተለመደ ነው። ሲሰለቻችሁ ኖታውን ክፈቱ። ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ዴቡሲ በ1918፣ ራቬል በ1937 ስለሞቱ የብዙዎቹ ሥራዎች ኖታ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ዩቲዩብ ላይም ከሙዚቃው ጋር ገጹ አብሮ የሚገለበጥባቸው ቪዲዮዎች አሉ። ከላይ ፍሉት፣ ከታች ኮንትራባስ ነው። ገጹ ሲጠቁር ብዙ ሰው ይጫወታል፣ ሲነጣ ጥቂት። ይህን ብቻ ማየት ጆሮን ይመራል። አንዳንድ ገጽ ላይ ቫዮሊኖች በአንድ መስመር ፋንታ በስድስትና በስምንት ተከፍለው ታያላችሁ። ያ «ጭጋግ» ያላችሁት ነገር እንዴት እንደተሠራ እዚያው ላይ አለ።

ሌላው ዘዴ ጊዜውን መቀየር ነው። ማታ ደክሟችሁ አትስሙት። ጠዋት ከሥራ በፊት «ደመናዎች»ን ብቻ፣ ሰባት ደቂቃ፣ ከዚያ ውጡ። ታክሲ ውስጥ ግን አይሆንም። የሞተሩ ድምፅ የታችኞቹን መሣሪያዎች በሙሉ ይውጣቸዋል፤ ድምፅ የሚከላከል ሄድፎን ካላችሁ ብቻ ሞክሩት።

እነዚህን ሁሉ ከጨረሳችሁ ቀጣዩ የዴቡሲ «ጄ» ነው፤ ጨዋታዎች ማለት ነው። ግንቦት 15፣ 1913 በሩሲያ ባሌት ቡድን ሲቀርብ ሞንቶ ነው የመራው። ታሪኩ አንድ ወጣትና ሁለት ልጃገረዶች የጠፋች የቴኒስ ኳስ ሲፈልጉ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ቡድን የስትራቪንስኪን «የፀደይ ሥርዓት» አቅርቦ አዳራሹ ስለተቀወጠ «ጄ»ን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። 18 ደቂቃ ያህል ነው። ዜማዎቹ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፤ የሚደገም ነገር በጣም ጥቂት ነው። ከ«ላ ሜር» ሁለተኛ ክፍል ጋር ሳትታረቁ ወደዚህ አትምጡ። ስትመጡ ከቡሌዝ ጀምሩ።